ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ዳታው ለምን ይቆማል? ከሞተረኞች ስልክ በሚሰበሰብ መረጃ የአገልግሎት ጥራትን ስለ መከታተል

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ 120 ሞተረኞች ባሉት የዕቃ አድራሽ ድርጅት ውስጥ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሞተረኞቻችን ትዕዛዝ የሚቀበሉበት የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ በተለይ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ፣ በተደጋጋሚ ይቆማል። ስልኩ ላይ ግን ኔትወርኩ ሙሉ ነው። ለአገልግሎት ሰጪያችን ስናመለክት ‘በማማዎቻችን ላይ የሚታይ ችግር የለም’ የሚል መልስ ደረሰን። አሁን መተግበሪያው የሲግናል መጠንንና ሞተረኛው ያለበትን ቦታ በየሰከንዱ ወደ ሰርቨራችን እንዲልክ አድርገን፣ ሁኔታውን በቀጥታ ካርታ ላይ ለማየት አስበናል። ይህ በቂ ማስረጃ ይሆናል? ወይስ ሁሉንም ሲም ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ ማዛወር ይሻላል?»

ምላሽ፦ ዕቅዱ አሁን ባለበት መልኩ በቂ ማስረጃ አያስገኝም። መረጃውን ከተጠቃሚው ስልክ እንሰብስብ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የሚለካው ነገር፣ የሚለካበት ድግግሞሽ እና «በቀጥታ» በሚለው ቃል ላይ የተጣለው እምነት ነው። የአገልግሎት ሰጪው መልስም የግድ ውሸት አይደለም። ማማው በራሱ መዝገብ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሞተረኛው በእርግጥ አገልግሎት ሊያጣ ይችላል፤ ሁለታችሁም የምታዩት እውነት ነው፣ የምታዩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚናገሩት ስልኩ የማማውን ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማው ብቻ ነው። ይህ መጠን በ4ጂ አርኤስአርፒ የሚባል ሲሆን በዲቢኤም ይለካል፤ የተለመደው ክልል ከ−44 እስከ −140 ሲሆን ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል። በአንድሮይድ መነሻ ቅንብር −98 ዲቢኤም ወይም ከዚያ የጠነከረ ሲግናል ሙሉ መስመር ያሳያል። ወሰኑን ለየአገልግሎት ሰጪው ለይቶ መቀየር ስለሚቻል፣ በአንድ ስልክ ውስጥ ባሉ ሁለት ሲሞች ላይ እኩል መስመር መታየቱ እንኳ ሲግናሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ የታክሲ ተራ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ ታክሲ አያገኝም፤ ለማማ መቅረብም እንዲሁ ተራ ማግኘት አይደለም።

በጠቀሱት ሰዓት ቀዳሚው ተጠርጣሪ መጨናነቅ ነው። ባለ 20 ሜጋኸርዝ የ4ጂ ሴል (አንድ ማማ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ሞገድ የሚሸፍነው ክፍል)፣ በማማውም በስልኩም በኩል ሁለት ሁለት አንቴና ሲኖረው፣ በምርጥ ሁኔታ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ያህል ያስተላልፋል፤ ይህ ግን ለአንድ ስልክ የተመደበ ሳይሆን በሴሉ ውስጥ ያሉ ሁሉ የሚካፈሉት ነው። 60 ሰዎች በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍቱ በስሌት ለእያንዳንዱ 2.5 ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ በተግባር ግን ከዚህ በእጅጉ ያንሳል፤ ምክንያቱም ሲግናሉ የደከመበት ተጠቃሚ ያንኑ ያህል ዳታ ለማግኘት ከሌሎቹ የበለጠ የሴሉን ጊዜና ሞገድ ይወስዳል። በዚህ ሁሉ መሐል የሲግናሉ መስመር አንዲት እንኳ አይቀንስም። የመብራት መቋረጥም ተመሳሳይ ውጤት ሊኖረው ይችላል፤ በባትሪ የሚሠራ ጣቢያ ኃይል ለመቆጠብ ከሞገዶቹ የተወሰኑትን ሊዘጋ ይችላልና፣ ሽፋኑ እንዳለ ሆኖ አቅሙ ይወርዳል።

ሌላው ምክንያት የሞገድ መደራረብ ነው። ቦሌ ወይም ካዛንቺስ ካለ ፎቅ 10ኛ ወለል ላይ የቆመ ስልክ ብዙ ማማዎችን በአንድ ጊዜ፣ ሁሉንም አጉልቶ ይሰማል፤ አርኤስአርፒው የሚያስቀና ሆኖ ሳለ ከሌሎቹ የሚመጣው ረብሻ ዋናውን ድምፅ ይውጠዋል። ይህንን የሚያሳየው ልኬት ኤስአይኤንአር፣ ማለትም የሚፈለገው ሲግናል ከረብሻና ከጫጫታ ጋር ያለው ንጽጽር ነው፤ ከ20 ዴሲቤል በላይ ሲሆን በጣም ጥሩ፣ ከ0 በታች ሲወርድ ደካማ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የመልስ ጉዞው፣ ማለትም ከስልኩ ወደ ማማው ያለው አቅጣጫ ነው። የማማው የማሠራጫ ኃይል በአሥሮች ዋት የሚቆጠር ሲሆን የስልኩ ግን ቢበዛ 200 ሚሊዋት ያህል ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ማማውን በደንብ እየሰማ ማማው ስልኩን በወጉ ላይሰማው ይችላል። ሞተረኛው «ትዕዛዙን ተቀበል» የሚለውን ሲጫን የሚሄደው መልእክት በዚህ በደካማው አቅጣጫ ነው።

አገልግሎት ሰጪው «ችግር የለም» የሚለው ከምን ተነሥቶ ነው? የማማዎች ቆጣሪ፣ ማለትም ማማው የሰጠውን አገልግሎት የሚቆጥርበት መዝገብ፣ በአብዛኛው የሚጠቃለለው በየ15 ደቂቃው ነው። አንድ ሴል 12 ደቂቃ በግማሽ አቅሙ፣ 3 ደቂቃ ደግሞ ጢም ብሎ ቢሠራ አማካዩ 60 በመቶ ይሆናል፤ በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ለእርስዎ ሞተረኛ ግን እነዚያ 3 ደቂቃዎች አንድ ትዕዛዝ ማጣት ናቸው። ከዚህም በላይ ቆጣሪው የሚመዘግበው ማማው ጋ የደረሰውን ጥያቄ ነው፤ ጨርሶ ያልተሰማ ስልክ በቆጣሪው ውስጥ የለም።

አገልግሎት ሰጪዎችም ይህ ክፍተት እንዳለ ስለሚያውቁ ለረጅም ጊዜ መለኪያ የጫኑ መኪናዎችን በየመንገዱ ሲያዞሩ ኖረዋል። መኪና ግን ወደ ፎቅ አይወጣም፤ በየቀኑም አይዞርም። ስለሆነም 3ጂፒፒ የተባለው የደረጃ አውጪዎች ስብስብ በ10ኛው እትሙ (2011 እ.ኤ.አ.) የተጠቃሚው ስልክ ራሱ ልኬት የሚያቀርብበትን ሥርዓት በደረጃው ውስጥ አስገብቷል። ስልኩ ግንኙነት ላይ እያለ ወዲያውኑ፣ ሥራ ፈት ሲሆን ደግሞ እየመዘገበ አስቀምጦ በኋላ ሪፖርት ያደርጋል። ይህንን ማብራት የሚችለው አገልግሎት ሰጪው ብቻ ነው፤ በመተግበሪያ አይደረስበትም። በማመልከቻዎ ላይ ግን ለተወሰኑ ሴሎች እንዲበራ መጠየቅ ይችላሉ፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ደግሞ ወደ ጥሪ ማዕከሉ ሳይሆን ወደ ኔትወርክ መሐንዲሶቹ ሊመራ ይችላል።

ወደ ራስዎ መተግበሪያ ስንመለስ፣ አንድሮይድ አርኤስአርፒን፣ የሴሉን ቁጥርና የኔትወርኩን ዓይነት ይሰጣል፤ ለዚህ ግን ስልኩ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ የማወቅ ፈቃድ መኖር፣ በስልኩም ላይ ሎኬሽን መብራት አለበት። (ወደፊት አይፎን የሚይዝ ሞተረኛ ቢቀጥሩ ይህንን አይጠብቁ፤ አፕል የሲግናል መጠንን ለመተግበሪያዎች አይከፍትም።) ጀማሪ ፕሮግራመሮች የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች አሉ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ የሴል መረጃ ሲጠየቅ የሚመለሰው ቀድሞ የተቀመጠው ቅጂ ነው፤ አዲስ ልኬት ካልተጠየቀ በስተቀር በየሰከንዱ የሚልኩት ያንኑ አሮጌ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ብዙ ርካሽ ስልኮች ኤስአይኤንአርን አይሰጡም፤ በምትኩ 2147483647 የሚል ቁጥር ይመልሳሉ፤ ትርጉሙም «የለም» ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ደምሮ አማካይ ያወጣ ሰው አጋጥሞኛል፤ በእርሱ ካርታ ላይ እጅግ ምርጥ ኔትወርክ የነበረው ስልኮቹ ምንም ባልለኩበት ሰፈር ነበር።

አሁን ከማማ ጋር ምንም ግንኙነት ወደሌለው፣ ነገር ግን በእርስዎ ሁኔታ በብርቱ ወደምጠረጥረው ጉዳይ ልምጣ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም ይዞ አንዱን ለጥሪ፣ ሌላውን ለዳታ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። በአብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች ውስጥ ግን ሁለቱ ሲሞች የሚጋሩት አንድ የሬዲዮ ክፍል ነው። በአንደኛው ሲም ጥሪ ሲገባና ሞተረኛው ሲያነሣ የሌላኛው ሲም ዳታ ጥሪው እስኪያልቅ ድረስ ይቆማል፤ የሲግናሉ መስመር ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ ትዕዛዝ የሚበዛበት፣ ደንበኛውም «የት ደረስክ?» እያለ የሚደውልበት ሰዓት ነው። መተግበሪያው በቆመበት ቅጽበት ስልኩ ጥሪ ላይ እንደነበረ ሳይመዘግቡ ስለ ኔትወርክ ጥራት የሚደርሱበት ማንኛውም መደምደሚያ አይጸናም። የትኛው ልኬት ከየትኛው ሲም እንደመጣም ለይተው ይመዝግቡ፤ አለበለዚያ የአንዱን ድርጅት ሲግናል ከሌላው የዳታ መዘግየት ጋር ያጣብቁታል።

«በቀጥታ ካርታ ላይ ማየት» የሚለውን ሐሳብ በተመለከተ፣ አንድ መሠረታዊ ተቃርኖ አለበት፦ ኔትወርክ ያጣ ስልክ ኔትወርክ ማጣቱን በኔትወርክ ሊነግርዎ አይችልም። ካርታው ላይ ነጥብ የሚልኩት ደህና የሆኑት ስልኮች ስለሆኑ ችግሩ በጠናበት ደቂቃ ካርታው ይበልጥ አረንጓዴ ይሆናል። መፍትሔው መዝገቡን መጀመሪያ በስልኩ ውስጥ ማስቀመጥና ግንኙነት ሲመለስ መላክ ነው። ለእያንዳንዱ መዝገብ የተለካበት ሰዓትና ሰርቨሩ ላይ የደረሰበት ሰዓት ተለይተው ይያዙ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። በየሰከንዱ መላክም ትርፉ ድካም ነው፤ 120 ስልኮች በቀን 10 ሰዓት ቢሠሩ 4,320,000 መዝገብ ይሆናል፤ ባትሪ ይበላል፣ ደካማውን የመልስ አቅጣጫም ያጨናንቃል። በየ30 ሰከንዱ ቢሆን ቁጥሩ ወደ 144,000 ይወርዳል፤ ከዚህ ጋር እያንዳንዱ የትዕዛዝ ጥያቄ ሲላክ አንድ መዝገብ ቢያዝ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ስለ ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ የመዝገብ ጣጣ አለ። ሞተረኛው «11 ሰዓት ላይ ቆመብኝ» ሲል ስልኩ 17፡00 ይላል፤ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት የተዋቀረ ሰርቨር ደግሞ 14፡00 ብሎ ይጽፋል። ቅሬታ ተቀባዩ «11» ብሎ ሲመዘግብ ተንታኙ ጠዋት 11፡00 ላይ ይፈልጋል፤ ምንም አያገኝም። ሁሉንም በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ካልጻፉ የቅሬታ መዝገብዎና የልኬት መዝገብዎ ፈጽሞ አይገናኙም።

የሚለካው ዋናው ነገር ሲግናል ሳይሆን የሥራው ውጤት መሆን አለበት፦ የትዕዛዙ ጥያቄ ተሳካ ወይስ ከሸፈ፣ የሰርቨሩን አድራሻ ለማግኘት፣ ግንኙነት ለመመሥረትና የመጀመሪያውን ባይት ለመቀበል እያንዳንዱ ስንት ሚሊሰከንድ ፈጀ? ሲግናሉ፣ የሴሉ ቁጥር፣ የኔትወርኩ ዓይነት፣ የስልኩ ሞዴል፣ ባትሪ ቆጣቢው መብራት አለመብራቱና የጥሪው ሁኔታ ከዚህ ጎን የሚቀመጡ አስረጂዎች ናቸው። የፍጥነት መሞከሪያ መተግበሪያ በሞተረኞቹ ስልክ ላይ አይጫኑ። በሰከንድ 50 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር የ10 ሰከንድ ሙከራ ብቻ ከ62 ሜጋባይት በላይ ይበላል፤ 120 ስልኮች በቀን አራት አራት ጊዜ ቢሞክሩ 30 ጊጋባይት ይሆናል፤ ያ ሁሉ ወጪ የሚያሳየው ደግሞ ትልቅ ፋይል እንዴት እንደሚወርድ ነው። የእርስዎ ትዕዛዝ ግን ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ የሚያስፈልገው ስፋት ሳይሆን ቶሎ ደርሶ መመለስ ነው።

ሰርቨራችሁ የት እንዳለ አልነገሩኝም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሰርቨሩ አውሮፓ ቢሆንና የኬብሉ መንገድ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢረዝም፣ ምንም መጨናነቅ ሳይኖር ደርሶ መልሱ ብቻ 80 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ትዕዛዝ እስኪሳካ አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ የሚጠይቅ መተግበሪያ ከሆነ፣ ማማው ጥፋት ሳይኖርበት ግማሽ ሰከንድ ገደማ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ከዋናው ሰርቨር በተጨማሪ እዚሁ አገር ውስጥ ወዳለ አንድ ሁለተኛ ነጥብ ትንሽ ጥያቄ እየላከ ያነጻጽር። ሁለቱም አብረው ከዘገዩ ጥርጣሬው ወደ ሬዲዮው፣ ማለትም በስልኩና በማማው መካከል ወዳለው ግንኙነት ይሄዳል፤ ዋናው ብቻ ከዘገየ ችግሩ በዓለም አቀፉ መስመር ወይም በራስዎ ሰርቨር ላይ ነው። ለሁለት ወር ማማ ሲወነጅል ቆይቶ በመጨረሻ የራሱ ዳታቤዝ በትዕዛዝ ብዛት ሲጨናነቅ የተገኘ ድርጅት አውቃለሁ፤ መጨናነቁ የሚደርሰውም ልክ በምሽት ነበር።

መረጃው ሲሰበሰብ በአማካይ አይመኑ። ከመቶ ጥያቄ 95ቱ በ300 ሚሊሰከንድ ተመልሰው 5ቱ 20 ሰከንድ ቢፈጁ አማካዩ 1.3 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ቁጥር የማንንም ሞተረኛ ገጠመኝ አይገልጽም። መካከለኛውን ዋጋ (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን)፣ ከፍተኛውን 5 በመቶና የከሸፉትን ድርሻ ለየብቻ ያውጡ። የናሙናው ብዛትም ወሳኝ ነው፤ በአንድ ሰፈር ከ30 ጥያቄ 6ቱ ቢከሽፉ «20 በመቶ ከሸፈ» ይባላል፤ ነገር ግን የስሌቱ ስህተት ወደ ላይም ወደ ታችም 14 በመቶ ነጥብ ገደማ ነው። ይኸው ድርሻ በ400 ጥያቄ ሲገኝ ስህተቱ ወደ 4 ይወርዳል። ስለሆነም ከተማዋን 200 ሜትር በ200 ሜትር ከፋፍለው የአንድን ቀን ውጤት በካርታ ላይ ቀለም መቀባት ትርጉም የለውም፤ አራት ሳምንት ይጠብቁ። አንድ የስልክ ሞዴል ብቻ በሁሉም ሰፈር የሚያስቸግር ከሆነም ስልኩን ይቀይሩ፤ አገልግሎት ሰጪው የሚጠቀምበትን አንዱን ሞገድ የማይደግፍ ስልክ በገበያ ላይ ብርቅ አይደለም።

በሕግ በኩል አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሞተረኛው ያለበት ቦታ የግል መረጃው ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ስለ ኔትወርክ ጥራት አቤት የሚሉበት መሥሪያ ቤት ስለ ሞተረኞችዎ መረጃ አያያዝ የሚጠይቅዎትም ነው ማለት ነው። ዓላማውን ለሞተረኞቹ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አይለኩ፣ ስምና ስልክ ቁጥርን ከልኬቱ ይለዩ፣ ጥሬውን መዝገብ ትንተናው እንዳለቀ ያጥፉ። ለኔትወርክ ተብሎ የተሰበሰበ መዝገብ ሞተረኛው የት ቆሞ ሻይ እንደጠጣ ለመቆጣጠር አንዴ ከዋለ፣ በማግስቱ ግማሾቹ ሎኬሽን አጥፍተው ያገኟቸዋል።

ሲሞቹን በሙሉ ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ እንዲያዛውሩ አልመክርም፤ ምክንያቱን ሳያውቁ የሚደረግ ዝውውር ችግሩን ወደ ሌላ ሰፈርና ወደ ሌላ ሰዓት ከማዛወር ላያልፍ ይችላል። የምመክረው ይህን ነው፦ ከላይ የገለጽኩትን መዝገብ በሁሉም ስልኮች ላይ አስገብተው አራት ሳምንት ይለኩ። በዚሁ ጊዜ ከ120ው 20 ሞተረኞች፣ ተመሳሳይ ሞዴል ስልክ ይዘው በተመሳሳይ ሰፈር እየሠሩ፣ ዳታቸውን በሌላኛው አገልግሎት ሰጪ ሲም ይጠቀሙ። ሁሉም ለጥሪና ለዳታ አንድ ሲም ብቻ የሚጠቀሙበት አንድ ሳምንትም ከአራቱ ውስጥ ይኑር፤ የመተግበሪያው መቆም በዚያ ሳምንት በግልጽ ከቀነሰ ማመልከቻ መጻፍ ሳያስፈልግዎት ጉዳዩ አልቋል። መተግበሪያው ራሱም ጥያቄ ሲከሽፍ ድርቅ ብሎ ከሚቆም ትዕዛዙን ይዞ በራሱ እንዲሞክር ይስተካከል፤ ይህንን ለማድረግ የልኬቱን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሴሎች በተደጋጋሚ በዚያው ሰዓት ከወደቁ ለአገልግሎት ሰጪው በድጋሚ ያመልክቱ፤ ባለቀለም ካርታ ግን አያያይዙ። ለእያንዳንዱ ሴል በአንድ መስመር፣ የሴሉን ቁጥር፣ ቀኑንና የ15 ደቂቃውን ክፍል፣ የጥያቄውን ብዛት፣ የከሸፈውን ድርሻ፣ መካከለኛውን አርኤስአርፒና ኤስአይኤንአር፣ በዚያው ቅጽበት ወደ አገር ውስጡ ነጥብ የተላከው ጥያቄ የፈጀውን ጊዜ ይጻፉ። የ4ጂ ሴል ቁጥር ለ256 ሲካፈል ሙሉው ቁጥር ጣቢያውን፣ ቀሪው ሴሉን ስለሚያመለክት ሁለቱን ለይተው ይስጧቸው፤ መሐንዲሱ በራሱ ቆጣሪ ውስጥ ያንኑ ሴልና ያንኑ ሩብ ሰዓት ከፍቶ ማየት የሚችለው ይህን ሲያገኝ ነው።